ባለተርቦ መኪና ላላችሁ፦ «የተሟላ የኢታኖል ኪት» የሚባለውን ሳታስለኩ አትክፈሉበት

ባለተርቦ መኪናዬን ከቤንዚን ወደ ኢ85 (አብዛኛው ኢታኖል የሆነ የኢታኖልና የቤንዚን ድብልቅ) ለማዞር የገዛሁት ኪት ከተገጠመ በ19ኛው ቀን ሞተሩ ወርዶ ተፈታ። ይህን የምጽፈው ያው ዕቃ በያው ማስታወቂያ እስከ ዛሬ እየተሸጠ በመሆኑ ነው፤ ከሁሉ የሚያታልለውም ከተገጠመ በኋላ ለቀናት፣ አንዳንዴም ለሳምንታት ያለ ምንም እንከን መሥራቱ ነው። የሻጩን ስም አልጠቅስም፤ ዕቃው በብዙ ስም ስለሚቀርብ አንዱን ማወቅ ከሌላው አያድናችሁም።

በካርቶኑ ውስጥ የነበሩት ነዳጅ በሚረጩት ኢንጀክተሮች ሶኬትና በመኪናው ሽቦ መካከል የሚሰካ አንድ ትንሽ ጥቁር የኤሌክትሮኒክስ ሣጥን፣ «255» የሚል ቁጥር የተጻፈበት የነዳጅ ፓምፕ፣ አንድ ክንድ የማይሞላ የጎማ ቱቦ እና አንድ ፊልትሮ ናቸው። ኢንጀክተር አልነበረበትም። ለምን ብዬ ስጠይቅ «የፋብሪካው ኢንጀክተር ይበቃል፤ ሣጥኑ ተከፍቶ የሚቆይበትን ጊዜ ያራዝምለታል» የሚል መልስ ተሰጠኝ። ኪቱ በሚገጠምበት ዕለት የተርቦውን ግፊት ከፍ የሚያደርግ ፕሮግራምም «ኢታኖል ይችለዋል» ተብሎ በሞተሩ ኮምፒውተር ላይ ተጫነ።

ስለ ኢታኖል ከተነገረኝ አብዛኛው እውነት ነበር፤ ውሸቱ ያለፈውም በዚያ እውነት ተሸፍኖ ነው። ኢታኖል ከተለመደው ቤንዚን ከፍ ያለ ኦክቴን (ያለጊዜው መቀጣጠልን የመቋቋም አቅም) አለው፤ ወደ ተን በሚለወጥበት ጊዜም ቤንዚን ከሚወስደው ሙቀት ከእጥፍ በላይ ስለሚወስድ ወደ ሲሊንደር የሚገባውን አየር ያቀዘቅዛል። አየርን አምቆና አሙቆ ለሚሠራ ባለተርቦ ሞተር ይህ ትልቅ ስጦታ ነው፤ ድብልቁ ያለጊዜው ተቀጣጥሎ ሞተሩን እንዳይመታው ይከላከላል። ነገር ግን አንድ ኪሎ ቤንዚን በሚገባ ለመቃጠል 14.7 ኪሎ አየር ሲፈልግ፣ አንድ ኪሎ ኢ85 የሚፈልገው 9.8 ኪሎ ያህል ነው። በሌላ አነጋገር፣ ሞተሩ ለሚስበው ያው አየር በክብደት 50 በመቶ ያህል ተጨማሪ ነዳጅ ሊቀርብለት ይገባል ማለት ነው። በማስታወቂያው ላይ ያለው «ነዳጅ ይቆጥባል» የሚለው ሐረግ ግን ምንም እውነት የለውም፤ 85 በመቶው ኢታኖል የሆነ ነዳጅ በሊትር የሚይዘው ኃይል ከቤንዚን ከሩብ በላይ ስለሚያንስ ፍጆታችሁ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም።

ቀጥሎ ያለውን ስሌት ቀደም ብዬ ወረቀት ላይ ሠርቼው ቢሆን ኖሮ ኪቱን አልገዛውም ነበር። ሞተር በደቂቃ 6000 ጊዜ ሲዞር አንድ ሙሉ የሥራ ዑደት፣ ማለትም ሁለት ዙር፣ የሚፈጀው 20 ሚሊሰከንድ ብቻ ነው። ኢንጀክተሩ ከዚህ ጊዜ በላይ ተከፍቶ ሊቆይ አይችልም፤ ጠንቃቃ ባለሙያዎችም ከ80 እስከ 85 በመቶው ላይ እንዲያቆም ያደርጉታል። የእኔ መኪና ገና በቤንዚን ሳለች በሙሉ ግፊት ኢንጀክተሩ ለ15.6 ሚሊሰከንድ ይከፈት ነበር፤ ይህም 78 በመቶ ነው። ሣጥኑ በዚህ ላይ 35 በመቶ ሲጨምርበት 21 ሚሊሰከንድ ይሆናል። ሃያ በሆነ ጊዜ ውስጥ ሃያ አንድ አይገባም። ኢንጀክተሩ ሳይዘጋ ክፍት ሆኖ ይቀራል፣ የሚያስፈልገው ነዳጅ ግን አይደርስም፤ የሚሰማችሁም የምታዩትም ምልክት አይኖርም። በአንጻሩ መኪናዋ ቆማ ሞተሩ በደቂቃ 800 ጊዜ ሲዞር አንዱ ዑደት 150 ሚሊሰከንድ ስለሚፈጅ 2.5 የነበረውን ወደ 3.4 ማራዘም ምንም አያስቸግርም። ስለዚህ ኪቱ በተገጠመበት ግቢ ውስጥ ሞተሩ ሲነሣ ለስላሳ ነው፤ በከተማ መንገድም መኪናዋ ደስ ብሏት ትሄዳለች። ሻጩ የሚያሳያችሁ ይህንኑ ነው፤ ጉድለቱ ያለው ግን እሱ በማያሳያችሁ ቦታ፣ ነዳጁ እስከ መጨረሻ ተረግጦ ተርቦው ሙሉ ግፊቱን በሚሰጥበት ጊዜ ነው።

ፓምፑ ላይ የተጻፈው ቁጥርም እንዲሁ በትክክል ተጽፎ በስህተት የሚያስነብብ ነው። 255 ሊትር በሰዓት የሚለው አቅም የሚለካው በ3 ባር ግፊት አካባቢ፣ ፓምፑ 13.5 ቮልት እያገኘ ነው። ባለተርቦ መኪና ላይ ያለው የነዳጅ ግፊት መቆጣጠሪያ ግን የተርቦውን ግፊት እየተከተለ ይጨምራል፤ መነሻው 3 ባር ከሆነና ተርቦው 1.5 ባር ከሰጠ ፓምፑ 4.5 ባርን ተቋቁሞ መግፋት አለበት። ግፊቱ በጨመረ መጠን የሚገፋው ነዳጅ ይቀንሳል፤ ቮልቱ ሲወርድም እንደዚሁ። ሞተሩ ከተበላሸ በኋላ መካኒኩ በፓምፑ ሶኬት ላይ ሲለካ ያገኘው 11.6 ቮልት ነበር፤ ምክንያቱም አዲሱ ፓምፕ ከቀድሞው የበለጠ ኤሌክትሪክ የሚጠጣ ሆኖ ሳለ የተገናኘው በዚያው በቀጭኑ የፋብሪካ ሽቦ ነው። ነጭ የነበረው ሶኬት ቡናማ ሆኗል፤ ፕላስቲኩም እንደ ሰም ለስልሶ ከፒኑ ጋር ተጣብቆ ስለነበር በጉጠት ካልሆነ አልላቀቅ አለ። ይህ ከነዳጅ ታንኩ በላይ ያለ ሶኬት መሆኑን ልብ በሉ። ከዚያ በ4.5 ባር ላይ የሚፈሰውን ነዳጅ ለ30 ሰከንድ በመለኪያ ዕቃ ስንቀበለው 1.3 ሊትር ሆነ። እንደ ቁጥሩ ቢሆን 2.1 ሊትር በሞላ ነበር።

«ታዲያ ጌጁ ለምን ደህና አሳየ?» የሚል ጥያቄ እኔም ነበረኝ። ሻጩ በርክክቡ ዕለት የአየርና የነዳጅ መጠን የሚያሳይ ጌጅ ሰክቶ 14.7 ሲያነብብ አሳይቶኛል። አብዛኛው እንዲህ ያለ ጌጅ የሚለካው ላምዳን፣ ማለትም ድብልቁ ከትክክለኛው መጠን ምን ያህል እንደራቀ ነው፤ ውጤቱን በቤንዚን መለኪያ ስለሚጽፈው ታንኩ ውስጥ ያለው ምንም ቢሆን ትክክለኛው ድብልቅ 14.7 ተብሎ ይነበባል። ከዚህ በላይ ደግሞ ሞተሩ ቀለል ያለ ሥራ ላይ ሳለ ኮምፒውተሩ ራሱ ከኦክስጅን ሴንሰሩ እየሰማ ጉድለቱን ያርማል። በብዙ መኪኖች ነዳጁ ሙሉ በሙሉ ሲረገጥ ይህ እርማት ይቋረጣል፤ ያኔ ኮምፒውተሩ የሚመራው አስቀድሞ በተጻፈለት ሠንጠረዥ ነው። ስለዚህ መኪናው ቆሞ ሳለ የተነበበ ቁጥር ስለ ኪቱ ብቃት የሚነግራችሁ ነገር የለም።

በ19ኛው ቀን ረጅም ዳገት ላይ ሙሉ ነዳጅ በሰጠሁበት ጊዜ በቆርቆሮ ውስጥ ጠጠር የሚንገጫገጭ የሚመስል ድምፅ ለሁለት ወይም ለሦስት ሰከንድ ሰማሁ፤ ወዲያው ኃይሏ ወረደና መንቀጥቀጥ ጀመረች። ካንዴላዎቹ ሲወጡ የሦስተኛው ነጭ ሸክላ ላይ በመርፌ ጫፍ የተነካካ የሚመስሉ ብርማ ነጠብጣቦች ነበሩ። መካኒኩ ካንዴላውን ወደ ብርሃን አዙሮ «ይህ የፒስተንህ አሉሚኒየም ነው» አለኝ። ቴስታታው (የሲሊንደሮቹ ክዳን) ተነሥቶ ፒስተኑ ሲወጣም በሁለቱ ቀለበቶች መካከል ያለው ስስ ግድግዳ ተሰብሮ ተገኘ። ነዳጅ ያነሰው ድብልቅ፣ የተጨመረው ግፊትና የጋለው ሲሊንደር ተባብረው ያደረሱት ጉዳት ነው።

ፓምፑና ኢንጀክተሩ ቢበቁ እንኳ ይህ ዓይነቱ ሣጥን ታንኩ ውስጥ ያለውን ነዳጅ አያውቅም። ኢ85 የሚለው ስም 85 በመቶ ኢታኖል እንዳለው ቃል የሚገባ ቢመስልም፣ በአሜሪካው ኤኤስቲኤም ዲ5798 ደረጃ መሠረት የኢታኖሉ መጠን ከ51 እስከ 83 በመቶ ሊሆን ይችላል፤ ሞተር በብርድ እንዲነሣ ሲባል በቀዝቃዛ ወራት ይቀነሳል። ታንኩ ውስጥ የቀረ ቤንዚን ላይ ስትሞሉበት ደግሞ ድብልቁ ከዚያም ይወርዳል። ለ80 በመቶ ኢታኖል ተብሎ ግፊቱም የእሳቱ ጊዜም (ካንዴላው የሚያቀጣጥልበት ቅጽበት) ከፍ የተደረገ ሞተር 40 በመቶ ሲቀርብለት ሊመታ ይችላል። መፍትሔው የታወቀ ነው፤ በነዳጁ መስመር ላይ የሚገባ የኢታኖል ሴንሰር አለ፣ ኢታኖል ሳይኖር 50 ኸርዝ፣ ንጹሕ ኢታኖል ሲሆን 150 ኸርዝ ምልክት ይልካል። ጥያቄው ሴንሰሩ መኖሩ ላይ ሳይሆን ማን ያነበዋል የሚለው ላይ ነው። አንዳንዱ ኪት «ከነሴንሰሩ» ተብሎ ሲሸጥ ሴንሰሩ የሚያገለግለው ስልክ ላይ መቶኛ ለማሳየት ብቻ ነው፤ የሞተሩ ኮምፒውተር ምልክቱን ተቀብሎ ነዳጁንም፣ የእሳቱን ጊዜም፣ ግፊቱንም የሚያስተካክል ፕሮግራም ከሌለው ያ ቁጥር ጌጥ ነው።

ቱቦና ፊልትሮን በአጭሩ ልለፋቸው። ኢታኖል አንዳንዱን ጎማ ያሳብጣል፣ ውኃ ይስባል፣ ባዶ አሉሚኒየምና ዚንክን ይበላል፤ በታንኩ ግድግዳ የከረመውን ቆሻሻም አጥቦ ወደ ፊልትሮ ያመጣል። ታንክ ውስጥ ተጠልቆ የሚቀመጥ ቱቦ ከውጭም ከውስጥም ነዳጅ የሚችል መሆን አለበት፤ ለዚህ ተብሎ የተሠራው ኤስኤኢ ጄ30 አር10 የሚል ጽሑፍ ይኖረዋል። የእኔው ቱቦ ላይ ምንም ጽሑፍ አልነበረም፤ ሲወጣ ጫፉ አብጦ በጥፍር ሲነካ ጥቁር ይለቅ ነበር።

ሞተራችሁ ነዳጁን በቀጥታ ወደ ሲሊንደሩ የሚረጭ ከሆነ ነገሩ ከዚህም ይከፋል። እነዚህ ሞተሮች ላይ ግፊቱ ከ100 ባር በላይ ነው፤ ሁለተኛውና ከፍተኛ ግፊት ሰጪው ፓምፕ በሞተሩ የሚገፋ ነው፤ መርጨቱም በዑደቱ ጥቂት ክፍል ውስጥ ማለቅ አለበት። ጊዜ የሚያራዝም ሣጥን እዚህ ቦታ የለውም። አንድ ሻጭ ያንኑ ሣጥን ለሁለቱም ዓይነት ሞተር እሸጣለሁ ካላችሁ ሌላ ጥያቄ ሳትጨምሩ ተሰናበቱት።

ቅሬታዬን ሳቀርብ ሻጩ በመጀመሪያ ነዳጁን፣ ቀጥሎ ገጣሚውን፣ በመጨረሻም አነዳዴን ወቀሰ። የዋስትና ወረቀቱን ገልብጬ ሳነብ በጀርባው በደቃቅ ፊደል «ለውድድር አገልግሎት ብቻ» ይላል፤ ፊት ለፊቱ ላይ ደግሞ «ለዕለት ተዕለት ጉዞ ተስማሚ» ይላል። «ሣጥኑ ላይ አረንጓዴ መብራት በርቶ ከነበረ ኪቱ በትክክል ሠርቷል» የሚል ክርክርም ቀርቦልኛል። ሣጥኑን ነቅዬ፣ ከአንድም ኢንጀክተር ጋር ሳላገናኘው፣ ጠረጴዛ ላይ ከባትሪ ጋር ብቻ አያያዝኩት። አረንጓዴው በራ።

ኢታኖል መጠቀም ለምትፈልጉ ከመክፈላችሁ በፊት በጽሑፍ የምትጠይቁት ይህን ነው፦ ፓምፑ በእናንተ መኪና ከፍተኛ ግፊት፣ በተገለጸ ቮልት ስንት ሊትር እንደሚሰጥ የሚያሳይ ሠንጠረዥ፤ የኢንጀክተሩ መጠንና በሙሉ ግፊት የሚከፈትበት መቶኛ፤ ለፓምፑ የተለየ ሽቦና ሪሌ (በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማብሪያ ማጥፊያ) መዘርጋቱ፤ ፕሮግራሙ የኢታኖል ሴንሰሩን ማንበቡ። ከተገጠመ በኋላ ደግሞ ዳይኖ (መኪናው በቦታው ሆኖ የሞተሩ ኃይል የሚለካበት ማሽን) ላይ፣ ሙሉ ነዳጅ ተሰጥቶ እስከ መጨረሻው ዙር ድረስ ላምዳው፣ የነዳጁ ግፊትና የኢንጀክተሩ መቶኛ የተመዘገበበትን ፋይል ተቀበሉ። ሥራውን የሚያውቅ ሰው በዚህ አይቆጣም፤ ፋይሉን ሳትጠይቁት ራሱ ያወጣላችኋል። ነዳጁን ራሱን ለመፈተሽ ደግሞ የሚሊሊትር ምልክት ያለበት የመስታወት መለኪያ ይበቃል፤ 50 ሚሊሊትር ውኃና 50 ሚሊሊትር ነዳጅ ቀላቅላችሁ በመነቅነቅ ስታስቀምጡት ኢታኖሉ ከውኃው ጋር ወደ ታች ይሄዳል፣ ሁለቱ ፈሳሾች የሚለያዩበት መስመር 85 ላይ ከቆመ ከ50ው 35ቱ፣ ማለትም 70 በመቶ ያህሉ፣ ኢታኖል ነው።

ኪቱን አስገጥማችሁ ገና ምንም ያልደረሰባችሁ ከሆነ ደግሞ ሣጥኑን ብቻ ነቅላችሁ አትንዱ፤ ታንኩ ውስጥ ኢ85 እያለ ሣጥኑ ከወጣ የነዳጁ እጥረት ይብሳል። ታንኩን ባለሙያ ከእሳት በራቀ ቦታ ያራግፈው፤ ቤንዚን ከተሞላ በኋላ የፋብሪካው ፕሮግራም ይመለስ፤ ኮምፒውተሩ በኢታኖል የተማረው እርማትም ይሰረዝ። እስከዚያው ተርቦው እንዳይነሣ ነዳጅ በቀስታ ስጡ፤ ካንዴላዎቹን አስወጥታችሁም ሸክላቸውን በብርሃን ተመልከቱ፣ የፓምፑንም ሶኬት ቀለሙን እዩ።