የባሌ ተራሮች የፎቶ ጉዞ፦ ቀበሮዋ አንደኛ፣ መኪናው ግን…

ቀይ ቀበሮን ፎቶ ማንሳት የሚፈልግ ሰው ሰነቴ አምባን ትቶ ሌላ ቦታ ባይደክም ይሻላል። በዓለም ላይ የቀሩት ወደ 500 ገደማ ናቸው፣ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ደግሞ እዚሁ ባሌ ነው ያሉት። አምባው ዛፍ የለውም፣ ከሩቅ ይታያሉ።

አስጎብኚያችን ጎበዝ ነው። ሞተሩን አስጠፍቶ ዝም በሉ አለን። አንዷ ቀበሮ የፍልፈል ጉድጓድ አጠገብ ሆዷን መሬት አስነክታ፣ ጆሮዋን ቀስራ ቆየች፣ ቆየች፣ ከዚያ ዘላ አፍንጫዋን ጉድጓዱ ውስጥ ቀበረችው፤ ቀና ስትል አፈሩ ፊቷ ላይ እንዳለ ነው ያነሳኋት። 400 ሚሊ ሜትር ሌንስ በደንብ ይበቃል።

ዲንሾ ላይ ደግሞ የደጋ አጋዘን ፍለጋ ብዙ መልፋት የለም፣ የፓርኩ ጽሕፈት ቤት አካባቢ ሲግጥ ታገኙታላችሁ።

አሁን ወደ ቅሬታዬ። የፎቶ ጉዞ ብሎ ሸጦ አንድ መኪና ውስጥ ሰው ማጨቅ ምን የሚሉት ነው? መሀል የተቀመጠው ሰው የሚያነሳው የጓደኛውን ማጅራት ነው! ስንናገር "ተራ በተራ ትቀያየራላችሁ" አሉን። ቀበሮዋ ተራ ትጠብቃለች እንዴ? ስሙን አልጠራም፣ ድርጅቱ ግን ይህን ካላስተካከለ ደግሜ አልሄድም።

ምግቡ ደህና ነው። ብርዱ ግን አይጣል ነው፤ ከ4,000 ሜትር በላይ ስለሆነ ባትሪ ቶሎ ያልቃል፣ ትርፉን ጃኬታችሁ ውስጥ፣ ሰውነታችሁ አጠገብ ያዙት። የፓርክ መግቢያና የስካውት (አብሯችሁ የሚሄደው የፓርኩ ጠባቂ) ክፍያ ዋጋው ውስጥ መካተቱን ቀድማችሁ ጠይቁ፣ የመስኮት ቦታ በጽሑፍ ካልሰጧችሁም ቀብድ አትክፈሉ።