ቀለም በተቀባ ማግስት የሚሸጥላችሁን «ሴራሚክ» አትግዙ

ባሕር ዳር ውስጥ መኪናችሁን ሙሉ ቀለም ልታስቀቡ ያሰባችሁ፣ በተለይ ለጥር ሠርግ ወይም ለሽያጭ የቸኮላችሁ፣ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ይህን አንብቡ። አሁን አሁን የሚቀርበው ጥቅል ሥራ እንዲህ ነው፤ ሙሉ ቀለም፣ በማግስቱ ፖሊሽ፣ በዚያው ቀን «ሴራሚክ» ወይም «ናኖ» የሚባል ሽፋን፣ በላዩም የ5 ዓመት ዋስትና፣ ያውም በቃል። መኪናው ከግቢ ሲወጣ ፊት ያሳያል። ሳምንታት ሲያልፉ ኮፈኑ ላይ ጭጋግ ይወርዳል፣ የብርጭቆ ወረቀት ጭረት ከሥር ብቅ ብቅ ይላል። ያኔ መልሱ «ላቫጆ ነው ያበላሸባችሁ» ይሆናል።

ሽፋኑ ገንዘብ ከመብላቱም በላይ ቀለሙን ራሱን ይጎዳል። ክሊር፣ ማለትም ከቀለሙ በላይ የሚረጨው አንጸባራቂ፣ የሚጠነክረው ቲነሩ (ማቅጠኛው) ተንኖ ሲወጣና ከሃርድነሩ (ተደባልቆበት ከሚያጠነክረው ፈሳሽ) ጋር በኬሚካል ሲተሳሰር ነው። በጣት ሲነካ አለመጣበቁ የሰዓታት ጉዳይ ነው፤ ከሥር የቀረው ቲነር ግን ተንኖ እስኪያልቅ ሳምንታት ይፈልጋል። ማሞቂያ ባለው የቀለም ክፍል በ60 ዲግሪ ለ30 ደቂቃ ያህል የደረቀ ቀለም ይህን ጊዜ በጣም ያሳጥረዋል። በቆርቆሮ ሼድ ወይም በላስቲክ በተጋረደ ግቢ የተሠራ ግን በአየር ብቻ ነው የሚደርቀው፤ ታኅሣሥና ጥር ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ይበልጥ ይዘገያል። የቀለም አምራቾች የተለመደ ምክር ሰም ወይም ዋክስ ለማስቀባት ቢያንስ 30 ቀን፣ ብዙዎቹም ከ60 እስከ 90 ቀን ጠብቁ የሚል ነው። ቀድሞ የተቀባ ሽፋን መውጫውን ይዘጋበታል፤ ክሊሩ ለስላሳ ሆኖ ይቆያል፣ ድምቀቱ ይወርዳል። ሽፋኑ ሲሊኮን ካለበት ጣጣው አያልቅም፤ እንደገና ይረጭ በተባለ ጊዜ ሲሊኮን የነካው ቦታ ላይ አዲሱ ቀለም እየሸሸ ትንንሽ ክብ ጉድጓዶች ይሠራል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እንለይ። በማሽን ፖሊሽ ማድረግ ራሱ ጥፋት አይደለም። በደንብ የተደባለቀ ክሊር ከደረቀ በኋላ በ1500 ከዚያም በ2000 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት በውሃ ታሽቶ፣ በኮምፓውንድ ጭረቱ ወጥቶ፣ በለስላሳ ፖሊሽ ይጨረሳል። ይህ ከላይ ይቀንሳል እንጂ አይደፍንም። ችግሩ በዚያ ላይ የሚለበጠው ዘይትና ሰም ያለበት ማብረቂያ ነው፤ ያልወጣውን ጭረት ሞልቶ ይደብቅና ከሦስት ወይም ከአራት እጥበት በኋላ ገመናውን ያወጣዋል። ብዙ ጊዜ ጥቅሉ የሚሸጠውም ለዚህ ይመስለናል፤ መኪናው ሳይታይ እንዲወጣ።

ስለዚህ መኪናውን ምንም ሳይቀባበት ተረከቡ። ጠዋት 2 ሰዓት ገደማ፣ ፀሐይዋ ከጎን ስትመታ፣ ከበሩ ጎን ቆማችሁ በቁመቱ ተመልከቱ። የስልክ መብራት አስጠግታችሁ የጣሪያውን መሃል እዩ፤ የቀቢው እጅ የማይደርሰው እዚያ ስለሆነ ቀለሙ ብዙ ጊዜ ደረቅና ሻካራ ይሆናል። የበሮቹን የታች ጠርዝ፣ የላስቲኮቹን ሥር፣ የነዳጅ መሙያውን ክዳን ውስጡን አትዝለሉ። ላስቲክ ላይ ቀለም ካለ ሳይፈታ ተሸፍኖ ነው የተቀባው፣ ከዚያ ጠርዝ ነው መላጥ የሚጀምረው።

ትልቁ ማጭበርበር ግን ሃርድነር ላይ ነው። ክሊር እንደ ዓይነቱ 2 ለ1 ወይም 4 ለ1 ይደባለቃል፤ ልኩ ቆርቆሮው ላይ ተጽፏል። ለኮሮላ ዓይነት መኪና ሁለት እጅ ለመርጨት ከ2 እስከ 3 ሊትር ድብልቅ ይሄዳል። 2 ለ1 ከሆነ ለ3 ሊትር ድብልቅ 2 ሊትር ክሊርና 1 ሊትር ሃርድነር ያስፈልጋል ማለት ነው። ጠረጴዛው ላይ አንዲት የግማሽ ሊትር የሃርድነር ቆርቆሮ ብቻ ካያችሁ ጠይቁ። ሃርድነሩ ሲጎድል፣ ወይም ለክሊሩ በተሠራው ቲነር ፈንታ ርካሽ የናይትሮ ቲነር ሲገባ፣ ክሊሩ ላዩ ይደርቅና ውስጡ አይበስልም። ከሳምንት በኋላ የነዳጅ ክዳኑን ውስጥ በጥፍራችሁ ጫን በሉት። ምልክቱ ከቀረ፣ ወይም መኪናው ቀትር ላይ ፀሐይ ሲመታው አሁንም ቲነር ቲነር በጣም ከሸተተ፣ ድብልቁ ልክ እንዳልነበር ጠርጥሩ። ሁለት ሳምንት ካለፈው ደግሞ እዚያው የማይታይ ቦታ ላይ ነጭ ጨርቅ በናይትሮ ቲነር ነክራችሁ ለ10 ሰከንድ ያህል እሹት። ልኩን ጠብቆ የተደባለቀ ክሊር ብዙም አይነካውም። ጨርቁ ላይ ቀለም ከመጣ ወይም ቦታው ከተጣበቀ፣ ወይ ሃርድነር ጎድሎታል፣ ወይ ተራ የናይትሮ ቀለም (ያለ ሃርድነር፣ በትነት ብቻ የሚደርቅ) ነው የተቀባላችሁ። ናይትሮ ዕድሜውን ሙሉ በቲነር ይሟሟል፤ በዚያ ላይ ሴራሚክ መለበጥ የቀልድ ያህል ነው።

ሐምሌና ነሐሴ ከሆነ ማስቀባቱ ቢቀር ይሻላል። እርጥበቱ ናይትሮን ወተት ያስመስለዋል፤ ሃርድነሩም ከውሃ ጋር ይጣላልና ክሊሩ ውስጥ አረፋ ይተዋል። የግድ ከሆነ ኮምፕረሰሩ የውሃ ማጣሪያ እንዳለው፣ ከታንኩ ሥር ያለችው ቧንቧ ጠዋት ጠዋት ተከፍታ ውሃው እንደሚፈስ እዩ።

ስለ «9 ኤች» ጥንካሬም ብዙ ይወራል። መለኪያው የእርሳስ ነው፤ 9 ኤች የሚባለው ጠንካራ የእርሳስ ጫፍ ሽፋኑን እንዳልቧጨረው ያሳያል እንጂ ከኮረኮንች የተነሳ ጠጠር አይመልስም፣ ቁልፍም አያቆምም። እውነተኛ ሴራሚክ ከ30 እስከ 50 ሚሊሊትር በምትይዝ ትንሽ ጠርሙስ ይመጣል፤ በትንሽ ስፖንጅ ቦታ በቦታ ተቀብቶ በደቂቃዎች ውስጥ ይጠረጋል፤ ከዚያ 24 ሰዓት ያህል ውሃ ሳይነካው ጣሪያ ሥር ያድራል። መኪናውን ሙሉ በሚረጭ ፕላስቲክ ጠርሙስ በግማሽ ሰዓት ነፍተው ካበሱት የገዛችሁት የሚረጭ ዋክስ ነው። እውነተኛውን የምትፈልጉ ከ3 ወር በኋላ ለብቻው አሠሩት፣ ጠርሙሱ ፊታችሁ ይከፈት።

ለመጀመሪያው ወር የሚያስፈልገው ነገር ርካሽ ነው። ሁለት ባልዲ፣ አንዱ የሻምፖ አንዱ የማጠቢያ፤ የመኪና ሻምፖ ቆርቆሮው በሚለው ልክ፣ ንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ፣ ማይክሮፋይበር ጨርቅ። ጠዋት ጥላ ውስጥ፣ የመኪናው ቆርቆሮ ሳይግል፣ ከጣሪያ ወደ ታች። የልብስ ዱቄት ሳሙና አይሆንም። ሐይቁ ዳር ወስዶ በባልዲ መጥለቅም አይሆንም፤ ከጣና ዳር የሚቀዳው ውሃ ደቃቅ ደለል አለው፣ ለስላሳ ክሊር ላይ በስፖንጅ ሲፈተግ በብርጭቆ ወረቀት እንደማሸት ነው (ሐይቁንም ዘይት ከማጠጣት ይተርፋል)። ላቫጆ ከሄዳችሁ ባለ ግፊቱን ውሃ አስቀሩ፤ ካጠቡ በኋላ ለማብረቅ የሚረጩትን ናፍጣ ደግሞ በፍጹም። ናፍጣና ነጭ ጋዝ ያልበሰለ ክሊርን ያለሰልሳሉ። ቤንዚን ሲሞላ ከፈሰሰ ወዲያው ውሃ አፍስሱበት፣ አታሹት።

ጠዋት ጠዋት አቧራውን በደረቅ ጨርቅ የሚያብስላችሁ ጥበቃ ካለ ጉርሻውን እንዳይነካው ስጡት። አዲስ ቀለም ላይ ጥሩ ሐሳብ ያለው ደረቅ ጨርቅ የሚያህል ጠላት የለም።

ሐይቁ አጠገብ የምታቆሙ ከዋርካ ሥር ራቁ። የወፍ ኩስ፣ የአባ ኮዳ ከሆነማ ጉድ ነው፣ በባሕር ዳር ፀሐይ በአንድ ቀትር ክሊሩ ላይ አሻራ ይተዋል። የረጠበ ጨርቅ አምስት ደቂቃ አስተኙበትና አንሱት፣ አትፈትጉ። ማታ መብራት ላይ የሚሰበሰበው የሐይቅ ትንኝ መኪናው ላይ ከተለጠፈም እንዲሁ። ከቨር ማልበስ መፍትሔ ይመስላል፤ የመጀመሪያውን ወር ግን አታልብሱት፣ ትነቱንና እርጥበቱን ያፍነዋል፣ የጨርቁም አሻራ ይታተምበታል። ከከተማ ወጣ ብላችሁ ኮረኮንች የምትነዱ ከሆነ ከፊታችሁ ካለው መኪና ራቅ በሉ።

የሠርግ መኪና የምታስቀቡ ደግሞ፦ አበባና ሪባን በፕላስተር አይለጠፍም። ፕላስተሩ ሲነሳ ክሊሩን ይዞ ሊነሳ ይችላል፣ ባይነሳም ሙጫው ምልክት ይተዋል። ሪባኑ በመስተዋቱና በበር እጀታው ይታሰር። የንግድ መኪና ላይ ስቲከር ለመለጠፍም ከ30 እስከ 60 ቀን ይጠበቅ።

ውሉን በተመለከተ፣ «ጥሩ ቀለም» የሚል ቃል ምንም አያስይዝም። የክሊሩና የሃርድነሩ ስም፣ የድብልቁ ልክ፣ ስንት እጅ እንደሚረጭ፣ ላስቲክና መብራት ተፈትቶ እንደሆነ፣ ዋስትናው መላጥን፣ መፍዘዝን፣ አረፋን እንደሚሸፍን ይጻፍ። ክፍያውን ከፍላችሁ ያዙ፤ ከአምስት አንዱ ያህል ከ30 ቀን በኋላ እንዲከፈል ተስማሙ። ይህን የማይቀበል ቀቢ ሥራውን የማያምን ነው ብለን እናስባለን። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው ዕቃና አገልግሎት በቂ መረጃ የማግኘት መብት አለው ይላል፤ መብቱን ለመጠየቅ ግን የሚያስረዳ ወረቀት ያስፈልጋል፣ ስለዚህ ደረሰኙ ላይ ቀለሙና ሽፋኑ በየራሳቸው ዋጋ ይለዩ። በሚረጭበት ቀን ባዶ የክሊርና የሃርድነር ቆርቆሮዎቹን ከሰሌዳው ጋር በአንድ ላይ ፎቶ አንሱ።