የሬክቲፋየር ሃርሞኒክን ለመቀነስ የቱ ይገዛ?

ሬክቲፋየር ተለዋዋጭ ከረንትን ወደ ቀጥተኛ የሚቀይር ነው፤ ሃርሞኒክ ደግሞ በመስመሩ ድግግሞሽ ብዜት የሚመጣ፣ የከረንቱን ቅርጽ የሚያዛባ ትርፍ ከረንት ነው። ሻጮች ሁሉ መዛባቱ «ከ5 በመቶ በታች» ይሆናል ይላሉ። መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት «በስንት ጭነት?» የሚለው ነው።

ባለ ሦስት ፌዝ፣ ባለ ስድስት ዳዮድ ሬክቲፋየር ከመስመሩ ከረንት የሚስበው በውጤቱ በኩል ያለው ካፓሲተር በሚሞላባቸው አጫጭር ቅጽበቶች ብቻ ነው። ከዚህ የተነሣ በዋናነት 5ኛው፣ 7ኛው፣ 11ኛውና 13ኛው ሃርሞኒክ ይፈጠራሉ። መከላከያ ከሌለው የከረንቱ መዛባት ከ80 በመቶ ሊያልፍ ይችላል።

ርካሹ መፍትሔ ሪአክተር (የከረንቱን ፈጣን ለውጥ የሚገታ ጥቅል ሽቦ) ነው። ባለ 3 በመቶው (በሙሉ ጭነት ከመስመሩ ቮልቴጅ 3 በመቶ ያህል የሚያርፍበት) መዛባቱን ወደ 40 በመቶ አካባቢ ያወርደዋል፤ ባለ 5 በመቶው ከዚያ ትንሽ ዝቅ ያደርገዋል። ከዚያ ወዲያ ትልቁን መግዛት ቮልቴጅ ከመቀነስ በቀር ብዙም አይጠቅም። ድራይቩ (ሬክቲፋየሩን የያዘው የሞተር ፍጥነት መቆጣጠሪያ) ውስጥ ቀድሞ የተገጠመ ሪአክተር ካለ ሌላ ከመግዛትዎ በፊት ሰነዱን ያንብቡ፤ ሻጩ ላያነሣልዎት ይችላል።

የካፓሲተርና የሪአክተር ማጣሪያ በሙሉ ጭነት ከ5 እስከ 8 በመቶ ያደርሳል። ጭነቱ ሲቀንስ ግን ካፓሲተሩ ስለማይቀንስ ከረንቱ ቮልቴጁን ይቀድማል፤ ይህን ጀነሬተር አይወደውም። በጀነሬተር የሚሠሩ ከሆነ ጭነቱ ሲቀል ካፓሲተሩን የሚያላቅቅ ኮንታክተር (በኤሌክትሪክ የሚታዘዝ ማብሪያ ማጥፊያ) ያለውን ይምረጡ።

ባለ 12 ምት ሬክቲፋየር (ሁለት ባለ ስድስት ዳዮድ የተጣመሩበት) በ30 ዲግሪ የተራራቁ ሁለት የትራንስፎርመር ጥቅሎችን ተጠቅሞ የአንዱ 5ኛና 7ኛ ሃርሞኒክ የሌላውን እንዲያጠፋ ያደርጋል። ጠንካራ ነው፤ ለአንድ ትልቅ ማሽን እወደዋለሁ። የፌዞቹ ቮልቴጅ እኩል ካልሆነ ግን የጠፋው 5ኛ ሃርሞኒክ ተመልሶ ይመጣል።

ብዙ ትንንሽ ድራይቮች ላሉት ንቁ ማጣሪያ ይሻላል። ከረንቱን እየለካ ተቃራኒውን ስለሚያስገባ አንዱ ለሁሉም ይበቃል፤ መጠኑም በሃርሞኒኩ አምፔር እንጂ በሙሉ ጭነቱ አይወሰንም። በድራይቮቹ ፊት ሪአክተር ካልተገጠመ ግን ትልቅና ውድ የሆነውን መግዛት ግድ ይሆናል።

በዳዮድ ፈንታ ትራንዚስተር ያለው ንቁ ሬክቲፋየር መዛባቱን በእርግጥ ከ5 በመቶ በታች ያወርዳል፤ የብሬክ ኃይልንም ወደ መስመሩ ይመልሳል። ለክሬንና ለአሳንሰር ዋጋውን ያወጣል፤ ለፓምፕና ለአየር ማራገቢያ ግን ቅንጦት ይመስለኛል።

የአይ ትሪፕል ኢ (የኤሌክትሪክና ኤሌክትሮኒክስ መሐንዲሶች ማኅበር) 519 የሃርሞኒክ ደረጃ የከረንት ገደቡን የሚያስቀምጠው ለእያንዳንዱ ማሽን ሳይሆን ከኃይል አቅራቢው ጋር በሚገናኙበት ነጥብ ላይ ነው፤ ስሌቱም ከከፍተኛው የፍላጎት ከረንት አንጻር ነው። ድራይቭ ከጠቅላላ ጭነትዎ ጥቂቱ ብቻ ከሆነ ሪአክተሩ ብቻውን ሊበቃዎት ይችላል።