«አይዞዎት» ትክክለኛ መልስ ያልሆነበት ፈተና፦ የአሜሪካው የአእምሮ ጤና ነርስነት ሰርተፊኬት ሲመዘን

የአሜሪካ ነርሶች የሙያ ማረጋገጫ ማዕከል፣ በምህጻሩ ኤ.ኤን.ሲ.ሲ.፣ ለአእምሮ ጤና ነርሶች የሚሰጠውን ሰርተፊኬት የወሰድኩት በሜሪላንድ በአንድ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አራት ዓመት ከሠራሁ በኋላ ነው። ስለዚህ ይህን የምጽፈው በሥራው ላይ ሆኖ «ወረቀቱ ምን ይጨምርልኛል?» እያለ ለሚያመነታ ነርስ ነው።

ሰርተፊኬቱ ፈቃድ ላለው ነርስ የልዩ ሙያ ማረጋገጫ እንጂ መድኃኒት ለማዘዝ የሚያበቃ አይደለም፤ መድኃኒት የሚያዙት ነርሶች ቢያንስ የማስተርስ ትምህርት በሚጠይቅ በሌላ መንገድ ያልፋሉ፤ የሁለቱ መጠሪያ ስለሚቀራረብም ብዙ ሰው ይምታታበታል። ለዚህኛው የሚጠየቀው በነርስነት የ2 ዓመት የሙሉ ጊዜ ሥራ፣ ባለፉት 3 ዓመታት በአእምሮ ጤና ዘርፍ የተሠራ 2,000 ሰዓትና በዘርፉ የ30 ሰዓት ተከታታይ ትምህርት ነው። የባችለር ዲግሪ ግዴታ አይደለም፤ ማታ ማታ እየሠሩ በኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ነርስ ለሆኑ ወገኖቻችን ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ፈተናው በኮምፒውተር 150 ጥያቄዎች በ3 ሰዓት ነው። ከእነዚህ 25ቱ ለሙከራ የገቡ ስለሆኑ አይታሰቡም፤ የትኞቹ እንደሆኑ ግን ምልክት የላቸውም። ለማለፍ ከ500 ነጥብ 350 ያስፈልጋል፤ ማለፍ አለማለፍም ከወንበር እንደተነሡ ይነገራል።

የመድኃኒቱ ክፍል ያጠና ሰው የሚወጣው ነው። በዋርድ ለሠራ ሰው የስሜት መዋዠቅን ለማረጋጋት የሚሰጠው ሊቲየም በደም ውስጥ በሊትር ከ0.6 እስከ 1.2 ሚሊሞል ሲሆን እንደሚሠራ፣ ከ1.5 ሲያልፍ እንደሚመርዝ ማስታወስ አይከብድም። ያደነቅሁት ፈተናው ቁጥሩን ከታካሚው ኑሮ ጋር አያይዤ እንድመለከት ማስገደዱን ነው፦ ውሃና ጨው ሲጎድል ኩላሊት ሊቲየሙን ይዞ ያስቀራል። ጥናቱን ከጀመርኩ በኋላ ሊቲየም የሚወስድ የእኛ አገር ሰው ሲገባ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ ሳይቀምስ ይጾም እንደሆነ፣ ሙስሊም ከሆነም ረመዳንን እንዴት እንደሚያሳልፍ ሳልጠይቅ አላልፍም።

የከበደኝ የንግግር ክፍሉ ነው። የፈተናውን ይዘት ማውጣት ስለማይፈቀድ ምሳሌ ልፍጠር። አንዲት እናት «ለልጆቼ ሸክም ሆኜባቸዋለሁ» ይላሉ። አገር ቤት ያደገ ሰው ምላስ ላይ የሚመጣው «አይዞዎት እማማ፣ ልጆችዎ ይወዱዎታል» የሚል ነው፤ ይህ ግን እዚህ መሠረት የሌለው ማጽናኛ ተብሎ ስህተት ነው። «ለምን እንዲህ ያስባሉ?» የሚለውም እንደ ወቀሳ ስለሚሰማ አይመረጥም። የሚፈለገው እናትየዋ ንግግራቸውን እንዲቀጥሉ የሚጋብዝ ቃል፣ አልፎም ራሳቸውን ስለ ማጥፋት ያስቡ እንደሆነ በግልጽ መጠየቅ ነው። የዚህ አካሄድ ሥር አሜሪካዊቷ የነርስነት ምሁር ሂልደጋርድ ፔፕላው በ1952 ካቀረበችው፣ የነርስና የታካሚን ግንኙነት ራሱን እንደ ሕክምና ከሚያይ ንድፈ ሐሳብ ጋር ይያያዛል። መጀመሪያ ተናድጄ ነበር፤ በእኛ ዘንድ አይዞዎት የማይል ሰው ጨካኝ ነውና። በኋላ ግን በዋርዱ ራሴን ስታዘብ፣ ቶሎ የምናገረው አይዞዎት የሰውየውን ወሬ እንደሚዘጋው አየሁ። ዛሬም እላለሁ፤ የምለው ግን ሰምቼ ከጨረስኩ በኋላ ነው።

ለዝግጅት ብዬ ገንዘብ የከፈልኩበት አንድ የኦንላይን የጥያቄ ስብስብ ግን አሳፍሮኛል። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በ2013 የተወውን ባለ አምስት ዘርፍ የአእምሮ ሕመም ምርመራ አመዳደብ ዛሬም ይጠይቅ ነበር። ከመግዛታችሁ በፊት የታደሰበትን ዓመት ተመልከቱ።

ክፍያው ስፈተን 395 ዶላር፣ ለአሜሪካ ነርሶች ማኅበር አባላት 295 ዶላር ነበር። ሆስፒታላችሁ «ሰክሰስ ፔይስ» በሚባለው ዝግጅት ውስጥ ከሆነ ግን ከኪሳችሁ ሳታወጡ ትፈተናላችሁ፤ ስታልፉ የሚከፍለው ቀጣሪው ነው። (ማግኔት የተባለውን የሆስፒታሎች እውቅና የሚሰጠውም ይኸው ማዕከል መሆኑን፣ ሰርተፊኬት ያላቸው ነርሶች ብዛትም እዚያ እንደሚታይ ስታውቁ፣ አለቆች ለምን እንደሚገፋፉ ይገባችኋል።) የደመወዝ ጭማሪው ከሆስፒታል ሆስፒታል ስለሚለያይ ከሰው ኃይል ክፍል በጽሑፍ መልስ ሳትይዙ አትመዝገቡ። ሰርተፊኬቱ የሚያገለግለው 5 ዓመት ሲሆን፣ ለማደስ 75 ሰዓት ትምህርትና ከተዘረዘሩት ሙያዊ ተግባራት ቢያንስ አንዱ ይጠየቃል።

በሥራው ለመቆየት ላሰበ ሰው ያለ ማመንታት እመክረዋለሁ። በዚህ ዓመት ወይም በሚቀጥለው መድኃኒት ለማዘዝ ወደሚያበቃው ትምህርት ለመግባት የተዘጋጀ ግን ገንዘቡን ለትምህርት ክፍያው ቢያቆየው ይሻላል፤ ያኛው ትምህርት የራሱ የተግባር ሰዓትና የራሱ ፈተና አለው፣ ይህኛው አንዱንም አይተካለትም።