ለአሮጌ አይሱዙ የፊት መስታወት፦ ያገለገለ «ኦሪጅናል» ወይስ አዲስ ቻይና?

ከአቀስታ፣ ከወረኢሉ ወይም ከባቲ መስመር ጠጠር የመታው አይሱዙ በመጣ ቁጥር ስልኬ ይጮኻል። ጥያቄው ሁልጊዜ አንድ ነው። «ያገለገለ ኦሪጅናል ልግዛ ወይስ አዲስ ቻይና?» ለእያንዳንዱ ከማስረዳ አንዴ ልጻፈው።

መልሴን ላስቀድም። አዲሱን ግዙ። ግን ላሚኔትድ (መሃሉ ላይ ስስ ፕላስቲክ ያለበት ድርብ መስታወት) መሆኑን በዓይናችሁ አረጋግጣችሁ፣ ከአዲስ ጎሚኒ ጋር። መስታወቱን ዙሪያውን የሚይዘውን ጎሚኒ ካልቀየራችሁ የትኛውንም ብትገዙ ገንዘባችሁን እያፈሰሳችሁ ነው።

ወደ ዋጋው እንግባ። በቅርቡ ለአጎቴ ልጅ ኤንፒአር (የአይሱዙ ሞዴል ነው) መስታወት ስናጠያይቅ የተነገረን እንዲህ ነው። አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ያገለገለ ኦሪጅናል 11,000 ብለው ጀመሩ፣ 9,000 ላይ ቆሙ። አዲስ የቻይና ላሚኔትድ ከ15,000 ተነስቶ 13,500 ገባ። ደህና ጎሚኒ 3,200 ነው። በ1,400 የሚሸጥም አለ፣ እሱን እመለስበታለሁ። በጭነት መኪና ደሴ ማድረሻ 800፣ ማስገጠሚያ 1,500። ብር ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ ዋጋ መመንዘር ከጀመረ ወዲህ የመለዋወጫ ዋጋ አንድ ቦታ አይቆምም። ስለዚህ ከቁጥሮቹ ይልቅ በመካከላቸው ያለውን ልዩነት ያዙልኝ።

ሰው ሂሳቡን የሚሠራው እንዲህ ነው። ያገለገለ መስታወት በአሮጌው ጎሚኒ፦ 9,000፣ 800 እና 1,500፣ በድምሩ 11,300። አዲስ ከነጎሚኒው፦ 19,000። «7,700 ብር ልዩነት! ያብዳል እንዴ ሰው?» ይላል። ሂሳቡ ግን ትክክል አይደለም። ያገለገለውም ቢሆን አዲስ ጎሚኒ ይፈልጋል። ሲጨመርበት 14,500 ይሆናል። እውነተኛው ልዩነት 4,500 ብር ብቻ ነው።

ይህ 4,500 ብር ምን ይገዛል? ጠዋት ከደሴ ተነስታችሁ ሐረጎን ወደ ኮምቦልቻ ስትወርዱ ፀሐይ ፊት ለፊት ትመጣለች። ያገለገለ መስታወት ላይ የዝናብ መጥረጊያው ለዓመታት የሠራው ግማሽ ክብ ጭረት አለ። አሸዋና ጠጠር የበሳሳቸው ጥቃቅን ነጥቦችም አሉ። ሱቅ ውስጥ፣ በጥላ፣ አንዱም አይታይም። ፀሐይ ሲያርፍበት ግን መስታወቱ በሙሉ ነጭ ይሆናል። ከፊታችሁ ቁልቁለትና ጠመዝማዛ አለ፣ ከኋላችሁ ጭነት አለ። ማታ የመጪ መኪና መብራት ሲያርፍበትም ያው ነው። ለእኔ ክርክሩ እዚህ ላይ ያልቃል።

«ኦሪጅናል» የሚለው ቃል ላይ ግን ብዙ ሰው ስለሚታለል ትንሽ ልቆይበት።

እስከ 1980ዎቹ ድረስ (በፈረንጆቹ) ከጃፓን የወጡ ብዙ መኪኖች የፊት መስታወታቸው ቴምፐርድ ነበር። ቴምፐርድ አንድ ነጠላ መስታወት ነው። ድንጋይ በደንብ ከመታው በሙሉ ይደቅና ምንም የማያሳይ ነጭ ይሆናል፣ ወይም ጉልበታችሁ ላይ ይራገፋል። ላሚኔትድ ሁለት መስታወት መሃሉ ላይ ስስ ፕላስቲክ ተጣብቆበት ነው። ቢሰነጠቅም አይረግፍም፣ መንገዱን እያያችሁ ጥግ ትይዛላችሁ። እንግዲህ ከተቆራረጠ አሮጌ አይሱዙ የወጣው «ኦሪጅናል» የድሮው ቴምፐርድ ሊሆን ይችላል። ሻጩ አልዋሸም፣ ኦሪጅናል ነው። ለእናንተ ግን አይሆንም።

ማወቂያው ቀላል ነው። የመስታወቱን ጠርዝ በጎን እዩት። ላሚኔትድ ከሆነ በሁለት መስታወት መካከል ቀጭን መስመር ይታያል፣ በጥፍርም ይዳሰሳል። ጠርዙ አንድ ወጥ ከሆነ ተዉት። ጠርዙን በፕላስተር ጠቅልሎ «አይፈታም፣ እንዳይቆርጣችሁ ነው» የሚል ካጋጠማችሁም ተዉት።

የአጎቴ ልጅ ጉዳይ ከዚሁ ፕላስተር ጋር የተያያዘ ነው። ከእኔ ጋር ከመነጋገሩ በፊት ከአንድ ሱቅ ያገለገለ ገዝቶ ነበር። ጠርዙ ተጠቅልሏል። ሲፈታ ታችኛው ማዕዘን ላይ የምስር ፍሬ የምታህል ስብራት ተገኘች። ገጣሚው «ጎሚኒው ይሸፍናታል» አለ። እርግጥ ነው፣ ሸፈናት። ነገር ግን ስንጥቅ ብዙ ጊዜ የሚነሳው ከጠርዝ ነው። መኪናው ጭነት ይዞ ኮረኮንች ላይ ሲገባ ጋቢናው ይጠማዘዛል፣ ጉልበቱ በሙሉ እዚያች ስብራት ላይ ያርፋል። ሳምንት ሳይሞላው ከታች እስከ ላይ ተሰነጠቀ። ሻጩ ጋ ሲደወል «ከሱቅ የወጣ አይመለስም» ተባለ። 9,000ውም፣ ማስጫኛውም፣ ማስገጠሚያውም ውሃ በላው። አዲሱን በዚያው ጊዜ ቢገዛ ኖሮ ከኪሱ የሚወጣው ያንሳል።

ማህተምም ይኮረጃል። እውነተኛው የፋብሪካ ምልክት መስታወቱ ላይ በእሳት የተጋገረ ወይም የተቀረጸ ነው፣ አይፋቅም። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ በጥጥ ነክራችሁ እሹት። ከለቀቀ የጃፓን ስም የተጻፈበት ተራ መስታወት ነው። ከቻይናዎቹ ፉያዎ እና ሺንዪ ትልልቅ ፋብሪካዎች ናቸው። ፉያዎ ለመኪና አምራቾች ጭምር የሚያቀርብ ነው። ስም ስትጠይቁ ሻጩ «ቻይና ነው፣ ሁሉም አንድ ነው» ካለ ሌላ ሱቅ ሂዱ።

ላገለገለው መመስከር ያለብኝ አንድ ነገር አለ። ልኩ። የራሱ ፋብሪካ የሠራው ስለሆነ ቅርጹ ቁርጥ ነው። ርካሽ ቻይና ላይ ጥቂት ሚሊሜትር የሚያጥር አለ። ከዚያ ገጣሚው ክፍተቱን በሲልኮን ይደፍናል፣ ንፋስ ያፏጫል፣ ክረምት ላይ ውሃ ዳሽቦርድ ላይ ይንጠባጠባል። መድኃኒቱ ካርቶን ነው። የድሮውን መስታወት ቅርጽ ካርቶን ላይ አስምራችሁ፣ ቆርጣችሁ ላኩ፣ አዲሱ ላይ ተደርቦ ይታይ። ጋቢናውንም አትርሱ። የኤንኬአር ጠባብ ጋቢና መስታወት ለኤንፒአር ሰፊ ጋቢና አይሆንም። «አይሱዙ» ብላችሁ ብቻ አትዘዙ። ከዚያ ሱቁ ውስጥ ያለው ሰው መስታወቱን አቁሞ በመሃሉ የመብራት ምሰሶ ይይ፣ ራሱን ግራ ቀኝ ያንቀሳቅስ። ምሰሶው ከተወላገደ መስታወቱ ጥራት የለውም፣ ረጅም መንገድ ላይ ራስ ያማል።

ተራ የመስኮት መስታወት አስቆርጦ መግጠም ወይም ፕላስቲክ ማድረግ የሚሉኝ አሉ። በፍጹም። የመስኮት መስታወት ሲሰበር ስለት ነው፣ ፕላስቲክ ደግሞ በጥቂት ወር በመጥረጊያው ጭረት ይደበዝዛል።

አሁን ወደ ጎሚኒው። የ1,400ው ጎሚኒ አዲስ እያለ ይለሰልሳል፣ ፀሐይ ሲመታው ይደርቅና ማዕዘኑ ላይ ይተረተራል። ስትገዙ በሁለት ጣት እጠፉት። ከታጠፈበት ነጭ መስመር ካወጣ ወይም ጥቃቅን ስንጥቅ ካሳየ አትውሰዱ።

አሮጌው ሲወጣ ደግሞ ላሜራውን እዩ። ጎሚኒው ሥር ውሃ ለዓመታት ቆሞ ስለሚኖር፣ በተለይ ታችኛው ማዕዘን በዝገት ይበላል። ገጣሚዎች ይቸኩላሉ፣ ዝገቱ ላይ ሊገጥሙ ይፈልጋሉ። አትፍቀዱ። ያበጠ ዝገት ጠርዙን ይገፋል፣ አዲሱ መስታወት በዚያው ይሰነጠቃል። በሽቦ ብሩሽና በብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ፣ አንቲረስት ተቀብቶ፣ ደርቆ ይግጠም። ተበልቶ ቀዳዳ ከሆነ የቦዲ ሠራተኛ ይበይደው። የኮምጣጤ ሽታ ያለው ሲልኮንም አይደረግበት። ሽታው አሲድ ነው፣ ባዶ ላሜራን ያዝጋል።

ጎበዝ ገጣሚ ሥራው ያስታውቃል። ጎሚኒውን መጀመሪያ መስታወቱ ላይ ያለብሳል። በጎሚኒው ቦይ ውስጥ ዙሪያውን ጠንካራ ገመድ ያስገባል፣ ሁለቱ ጫፎች ታች መሃል ላይ ይገናኛሉ። የሳሙና ውሃ ይቀባል። አንዱ ከውጭ በመዳፉ እየገፋ፣ ሌላው ከጋቢና ውስጥ ገመዱን ቀስ እያለ ይስባል፣ የጎሚኒው ከንፈር ላሜራውን እየዘለለ ይገባል። በካቻቢቴ እየፈለቀቀ የሚያስገባ ካያችሁ አስቁሙት፣ ጎሚኒውን ይቀደዋል፣ ጠርዙን ይሰብረዋል።

ቦታ ለሚመርጥ ኮምቦልቻን እመርጣለሁ። ደሴ ጠዋት ብርድ ነው፣ ጎሚኒው ይገትራል። ኮምቦልቻ ከደሴ ዝቅ ያለና ሞቃት ስለሆነ እኩለ ቀን ላይ ለስልሶ ይገባል። የግድ ደሴ ከሆነ ጎሚኒውን ፀሐይ ላይ አውሉት ወይም ሙቅ ውሃ ውስጥ ንከሩት። ከአዲስ አበባ ሲጫን መስታወቱ በጠርዙ ቆሞ፣ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ይምጣ። ተኝቶ ከመጣ ጣርማ በርን ሳያልፍ ሊሰነጠቅ ይችላል።

ኢንሹራንሳችሁ ሦስተኛ ወገን ብቻ ከሆነ ለዚህ አይከፍልም፣ ጊዜያችሁን አታጥፉ። ለገጣሚው መጀመሪያ የማስገጠሚያውን ግማሽ ብቻ ስጡ። ሲጨርስ አንድ ሰው ጋቢና ውስጥ ይቀመጥ፣ ሌላው በጎማ ውሃ ዙሪያውን ያጠጣ፣ ማዕዘኖቹ ላይ ቆየት ይበል። ውስጥ ያለው ሰው በደረቅ ጨርቅ ጠርዙን ይዳብስ። ጨርቁ ደረቅ ከሆነ ቀሪውን ክፈሉ።