ጆርጅታውን ወይስ ካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ?

ዋሽንግተን ዲሲ ለሚኖርና የኮሌጅ የወንዶች ቅርጫት ኳስ ለሚወድ ሰው ሁለት ምርጫ ላቅርብ። ሁለቱም የሚጫወቱበት ቦታ በሜትሮው ቀይ መስመር ይደረሳል።

ጆርጅታውን ስመ ጥር ነው። ዲቪዥን አንድ (የኮሌጅ ስፖርት ከፍተኛው ደረጃ)፣ የ1984 ሻምፒዮን፣ በኋላ የኤንቢኤ ኮከብ የሆነው ፓትሪክ ዩዊንግ የተጫወተበት ቡድን። የሚጫወተው መሃል ከተማ፣ የኤንቢኤው ዊዛርድስ በሚጫወትበት አዳራሽ ነው። ችግሩ፣ ተጫዋቾቹ አይበረክቱም። ዘንድሮ የወደድከውን ልጅ ለከርሞ ሌላ ኮሌጅ ልታገኘው ትችላለህ።

ካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ ዲቪዥን ሦስት ነው። እዚህ ደረጃ ላይ በስፖርት ችሎታ የሚሰጥ ስኮላርሺፕ የለም። ልጆቹ የሚጫወቱት ስለሚወዱት ነው፤ ብዙዎቹም እስኪመረቁ ይቆያሉ። አንደኛ ዓመት ላይ ኳስ ከእጁ ሲያመልጠው ያየኸው ልጅ አራተኛ ዓመት ላይ አምበል ሆኖ ይመጣል። ጂሙ ትንሽ ስለሆነ የአሰልጣኙ ቁጣ ሳይቀር ይሰማል። (ዳኛ ላይ ስትጮህ ዳኛው ዞር ብሎ ያይሃል፣ ተጠንቀቅ።) ደግሞ ቀላል ቡድን እንዳይመስልህ፤ በ2001 የዲቪዥኑን ዋንጫ ወስዷል።

ልብ የሚሰቅለው ፌብሯሪ መጨረሻ ላይ ነው። ካቶሊክ የሚጫወትበትን የላንድማርክ ሊግ የማጠቃለያ ውድድር ያሸነፈ በቀጥታ ወደ ብሔራዊው ውድድር ይገባል። ለተሸነፈው ግን ብዙ ጊዜ ዓመቱ እዚያው ያበቃል።

እንግዳ ከመጣብኝ ጆርጅታውን እወስደዋለሁ። ከኖቬምበር ጀምሮ ለራሴ የምከታተለው ግን ካቶሊክን ነው።