ቀብድ ተቀብለው ፎቶዬን ያበላሹት «ሲኒማቲክ ከለር» ሠሪዎች

ንዴቴ ሳይበርድ ነው የምጽፈው። ድሬዳዋ ከዚራ ካሉት፣ የፎቶን ቀለም ፊልም አስመስለው ከሚሠሩ ስቱዲዮዎች አንዱ ነው፤ ዓይነቱን ታውቁታላችሁ። በሩ ላይ የሙሽሮች ፎቶ፣ ውስጥ ትልቅ ስክሪን፣ ስክሪኑ ላይ ማን እንዳነሳው የማይታወቅ የውጭ አገር ከተማ፣ «እንዲህ አድርገን እንሠራልዎታለን» የሚል ወጣት፣ ከዚያ ቀብድ።

የሰጠኋቸውን ፎቶ ያነሳሁት ሐረር ጁገል ውስጥ፣ መኪና ግርግር በሚባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ ላይ ነው። አንድ አዛውንት ልብስ ሰፊ ከስፌት መኪናቸው ቀና ብለው ያያሉ። ፀሐይ ያገኘችው ግማሽ ፊታቸውንና ጨርቁን የያዙ ጣቶቻቸውን ብቻ ነው። ከኋላቸው አረንጓዴ የተቀባ ግድግዳ አለ። እንዲህ ያለ ብርሃን ሲፈለግ አይገኝም።

ስምምነታችን ግልጽ ነበር። ከሮው ፋይሉ፣ ማለትም ካሜራው ሳያቀነባብር ካስቀመጠው ጥሬ ፋይል፣ ይሠራል፤ ጥላው በትንሹ ወደ ሰማያዊ ያዘነብላል፣ ብርሃኑ ይሞቃል፤ የሰውየው ቆዳና የግድግዳው አረንጓዴ ግን እንዳሉ ይቆያሉ። ፋይሉን በፍላሽ ገልብጬ፣ ፖስታ ውስጥ ከትቼ፣ በፕላስተር አሽጌ ሰጠሁ። ለማሳያ ብቻ ደግሞ አንድ ቅጂ በቴሌግራም ላክሁላቸው።

«አልቋል» ተብዬ ሄድሁ። ወጣቱ ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረው። የአዛውንቱ ፊት እንደ ብርቱካን ቀልቷል። ግድግዳው ሰማያዊ ሆኗል፤ ጥላው ያረፈበት ቦታ ደግሞ በቀለም እርከን ተሸነታትሯል። ፊልም ይመስል ዘንድ ከላይና ከታች ጥቁር መስመር ጨምረውበታል፤ የታችኛው መስመር ጣቶቻቸውን ከነጨርቁ ውጦታል።

«ከሮው ፋይሉ ነው የሠራኸው?» አልሁት።

«አዎ።»

ፖስታው ኪቦርዱ አጠገብ ነበር። ፕላስተሩ አልተነካም፤ የሻይ ብርጭቆ ተቀምጦበታል።

እንግዲያውስ እያየሁ ሥራው አልሁት። በመሰላቸት የቴሌግራሙን ቅጂ ከፈተ፤ ከተደረደሩት ፕሪሴቶች፣ ማለትም አስቀድመው ከተዘጋጁ የቀለም ቅንብሮች፣ አንዱን በማውስ ጫን አደረገ። አለቀ! ያ ቅጂ ተጨምቆ ያነሰ ጄፔግ ነው፤ ለእያንዳንዱ መሠረታዊ ቀለም 256 ደረጃ ብቻ ይይዛል። የካሜራዬ ሮው 14 ቢት ነው፣ 16,384 ደረጃ። ጥላው የተሸነታተረው ለዚህ ነው። ይህን ስነግረው ወደ ባልደረባው ዞሮ ሳቀ። «ጋሼ ቀለም ሊያስተምሩን መጥተዋል» አለው። ከዚያ ወደ እኔ፦ «ሲኒማቲክ ማለት ይኸው ነው፤ ሌላው ደንበኛ ሁሉ ወዶታል።»

እኒያ አዛውንት ፎቶውን አሳትሜ እንደማመጣላቸው ቃል ገብቼላቸዋለሁ። ይህን ፊት ይዤ ምን ብዬ ፊታቸው ልቁም?

ቀብዱን መልሱልኝ ብል «ሥራው ተሠርቷል» ተባልሁ። ቀሪውን አልከፈልሁም፤ ፖስታዬን አንስቼ ወጣሁ።

ፎቶ የምታሠሩ ወዳጆቼ፣ ቀብድ ሳትከፍሉ ሮው ፋይሉን ፊታችሁ አስከፍቱ፤ ናሙናውንም ከራሳችሁ ፎቶ ላይ አሠርታችሁ እዩ።